የደበሎው ኪስ

እንቅልፍ እምቢ ካለው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀን ላይ መተኛትስ ቢሆን የሰው ወግ ነው እንዴ? ግን ሌሊቱን ሙሉ ጅዳ ውስጥ ዳቦ ቤት እሳት አፍ ላይ ቆሞ ለሚያድር ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው፤ ሱብሂ ሲሰገድ ሥራ ይለቃል፣ ዱቄቱን ከፀጉሩ ያራግፋል፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል ወጥቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ መስኮቱን በዱቄት ጆንያ ጋርዶታል፣ ፀሐይዋ ግን ምን ሲደረግ ትቀራለች፣ በጆንያው ቀዳዳ ሁሉ እየሾለከች ዓይኑ ላይ ትቀመጣለች። ዳቦ ቤት ውስጥ ስሙ ዑመር ነው። ኢቃማ የለውማ፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው እውነተኛ ስሙ ምን ያደርግለታል? አገሩ ሐይቅ ከተማ ግን ሙዘይን ነበር፣ የአውራ ጎዳናው ባለሱቅ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ደራሲ። ደራሲ! አንድም መጽሐፍ አልታተመለትም እኮ፤ ሲጠየቅ ግን «ደራሲ ነኝ» ይላል፣ ሳይጠየቅም ይላል፣ ይል ነበር። እዚህ የሚጠይቀው የለም።

ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስልክ ቤት ሄዶ ሐይቅ ይደውላል። ቀጠሮውን የያዘችው ታላቅ እህቱ አሚናት ናት፤ ባለፈው ስትነግረው «እሮብ ደውል፣ አስረስም ይመጣል፣ ከአፉ ልስማው ብሏል፣ ሐሙስ አበጋሩ ይቀመጣሉ» አለችው። አበጋሩ መቼስ የሐይቅና የአምባሰል ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ደም የሚያደርቁለት ሽማግሌ ናቸው፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌ መጣ፣ እሳቸው ግን ዛሬም ዋርካቸው ሥር አሉ፣ ካድሬውም ልጁ ሲታመምበት በጓሮ በር ይመጣል። እሳቸው ይራቅ ያሉትን ሰው ማንም እሳት አይጭርለትም፣ ሬሳ አይሸኝለትም። ነገ እሳቸው ፊት የሚቆመው አስረስ ነው፤ ክሱም «ወንድሜን ጠሃን ለወታደር አሳልፎ ሰጠ» የሚል ነው፤ ከሳሹ ሙዘይን ነው፤ ከሳሹ ባሕር ማዶ ስለሆነ ቃሉ በስልክ ይሰማል፣ አሚናት ሰምታ ትመሰክራለች። «አዎ፣ እሱ ነው» ካለ አለቀ፤ አስረስ የልጅነት ጓደኛው በገዛ አገሩ ከሰው ተራ ይወጣል። ታዲያ ይላላ! ለምን አይልም? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረው ይሄንኑ አይደል?

ክፍሉ ውስጥ ሰላሀዲን ተኝቷል። ሰላሀዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ አብረው ሊጥ ያቦካሉ፣ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ኖረዋል፣ እስከ ዛሬ ግን «ከየት ነህ፣ ለምን መጣህ» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ይሄ ጤና ነው? ሰው እንዴት አይጠይቅም? የሚያውቅ ሰው ነው የማይጠይቅ። ሙዘይን ይሄንን ካሰበ ወዲህ ጽሑፉን ፍራሹ ውስጥ ሰፍቶ ይተኛበታል፤ ጽሑፍ ማለት በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ የሚጽፈው ሁለተኛው ልቦለድ ነው፣ ሐይቅ የመሰለ ከተማ ውስጥ ጓደኛውን የሚሸጥ አስተማሪ ታሪክ። የአስተማሪው አፍንጫ የአስረስን ይመስላል። ሳቁም፣ ሲሰጋ ጆሮውን ማሸቱም የአስረስ ነው። ቂሙን እየጻፈ ነው፣ ያውቀዋል፤ ግን ወላሂ ጥሩ እየወጣለት ነው፣ እሱም አለ።

ጠሃ ማለት ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ልብስ ሰፊ። እጁ እንዴት ያለ እጅ ነው! ገበያ መሐል የስፌት መኪናውን ይዞ ተቀምጦ ከሰው ጋር እያወራ የሱሪ እግር ያሳጥራል፣ ክሩ ከየት ገብቶ ከየት እንደወጣ አይታይም። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ብሔራዊ ውትድርና ተብሎ አፈሳው ሲጀመር ገና ሂንድን ባገባ በስድስተኛ ወሩ ነበር። እናቱ ቀን አላጠፋችም፤ ነጠላዋን ደርባ የእስጢፋኖስ ገዳም መዳረሻ ድረስ በእግሯ ሄደች፣ ሴት ከዚያ አያልፍምና በር ላይ ቆማ የኔታ ሙላትን አስጠራች፤ የኔታ የሟች ባሏ ወዳጅ ናቸው፣ ለፋሲካ ለብቻ የታረደውን፣ ለኢድ ለብቻ የታረደውን ሲላላኩ የኖሩ። «ልጄን ይደብቁልኝ» አለች። የኔታም «ፊደል ይቆጥራላ እንግዲህ፣ ምን እናድርግ» አሉ ይባላል። ጠሃ በሦስተኛው ቀን ራሱን ተላጭቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ ተክሌ የሚባል የቆሎ ተማሪ ሆኖ ወጣ። አጅሬ ዳዊት መድገም ጀምሯል አሉ፤ እናቱ ይሄንን ስትሰማ ያረቢ ብላ ፊቷን ሸፈነች፣ መልሳም ሳቀች።

ከዕለታት አንድ ቀን ይሄው ተክሌ ልመና ወጥቶ ሲዞር ሲዞር የገዛ ቤቱ ደጅ ደረሰ። ደረሰ ነው ወይስ እግሩ ወሰደው? በረንዳው ላይ ሚሊሻ ተቀምጧል፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «ባልሽ የታለ» እያለ ሂንድን ያፋጥጣል፣ በዚህ መሐል ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ይመጣል። የባሏን ድምፅ የማታውቅ ሴት የለችም። ሂንድ ገብታ ዳቦ ቆረሰች፣ ወጣች፣ አኮፋዳው ውስጥ ጨመረች፣ ቀና ብላም አላየችው፣ «አላህ ያግራልህ፣ ተማሪ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ እታለም» አለና ሄደ። ሚሊሻው «እነዚህ ደግሞ የእስላም ቤት እንኳ አይቀራቸው!» ብሎ ሳቀ። ሂንድ ማታውን ለሙዘይን ይሄንን ስትነግረው ታለቅሳለች፣ መናገር እስኪያቅታት፣ እሱም «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይላል፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ። በልቡ ግን፣ ያኔ የመጀመሪያ ልቦለዱን እየጻፈ ነበርና፣ «ይሄ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። አባቱ በሞተ ቀን እንኳ አንዲት አልቃሽ ያወረደችውን ቃል እንዳይረሳው ወደ ጓሮ ሄዶ በሲጋራ ፓኮ ላይ ጽፏል፤ አሚናት አይታዋለች፣ «አንተ ዘንድ ማውራት ያስፈራል» ያለችው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ይገላበጣል። ትራሱ እንደ ምጣድ ይግላል። ያ ቀን ዓይኑ ላይ ይመጣል፤ አስረስ የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጧል፣ አብረው የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ወጥቷል፣ ሐይቁ በመስኮት ይታያል፣ አስረስ ስድስቱን ምዕራፍ በሁለት ጣቱ እየቀጠቀጠ ጨርሷል፣ ምንም ሳይከፈለው፣ ለጓደኛው ብሎ። ሰባተኛውን ያነባል። አንብቦ ይጨርሳል። ጆሮውን ያሻል።

«ይሄንን አልመታም።»

«ምኑን?»

«ይሄንን። ጠሃ ነው'ኮ! አውጣው ሙዘይን። ሌላ ነገር ጻፍ፣ ስለ ዓሣ ጻፍ፣ በእግዜር።»

«ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ቦታውንም ከሐይቅ አንሥቼ አርዲቦ ወስጄዋለሁ።»

«አርዲቦ ገዳም አለ እንዴ? አንተ ሰውየ፣ በእግር ተነሥተህ ለምሳ የምትደርስበት ቦታ ነው'ኮ የወሰድከው!»

ሙዘይን ተናደደ። ከመጽሐፉ ሁሉ ነፍስ ያለው ምዕራፍ እሱ ነዋ፣ የቀረውማ ጭድ ነው፣ ራሱም ያውቀዋል። ፈሪ አለው። አስረስም «እሺ ፈሪ ነኝ» አለና የመኪናውን ክዳን ከደነ። ተለያዩ። ሙዘይን ሰባተኛውን ምዕራፍ ቤቱ ተቀምጦ በእጁ ገለበጠው፣ ሲገለብጥም አንድ ነገር ጎደለበት፤ ተማሪው እስላም መሆኑን አንባቢው በልቡ የሚይዝበት አንድ ትንሽ ነገር። ያኔ ኪሱ ትዝ አለው። ገዳሙ ሊጠይቀው ሄዶ ሳለ ጠሃ ደበሎውን ገልጦ አሳይቶት ነበር፣ በግራ ብብቱ ሥር፣ በቆዳው ውስጠኛ ፊት የሰፋት ኪስ፣ በዓይን ቢፈለግ የማትገኝ፣ በጣት ብቻ የምትታወቅ፤ ውስጧ የአባታቸው ሙስባሃ አለ፣ የጸሎት መቁጠሪያው። «ሌሊት ደበሎዬ ውስጥ ሆኜ እቆጥርበታለሁ፤ ለሰው እንዳትናገር፣ ለሂንድም፣ ለየኔታም» አለው እየሳቀ። ሙዘይን አልተናገረም። ይሄው እስከ ዛሬ ለአንድ ነፍስ ትንፍሽ አላለም። ጻፈው እንጂ፣ በአንድ መስመር፣ እንዴት ያለች መስመር ነበረች! ተማሪው ዳዊት ሲደግም ግራ እጁ ብብቱ ሥር እየቆጠረ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ መስመር አልጻፈም። አሁንም ፍራሹ ላይ ሆኖ በቃሉ ይላታል፣ ደስ ትለዋለች።

መጽሐፉ አዲስ አበባ፣ ድርሰት ወደሚመረምረው የመንግሥት ቢሮ ሄደ። ስምንት ወር ዝም። ከዚያ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ፣ «ስለ ድርሰትዎ ለመነጋገር ይቅረቡ»። ያንን የተቀበለ ሰው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሊታተምልኝ ነው ብሎ ሻንጣ አያነሣም። ሙዘይን በባቲ ወረደ፣ ከግመል ነጋዴዎች ጋር በረሃውን አቋረጠ፣ ጅቡቲ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ይሄ ምድጃ። በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ወታደሮች ገዳሙ ድረስ መጥተው ጠሃን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የጠሃ ወሬ የለም። ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም፤ ሂንድ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፣ የስፌት መኪናው ጨርቅ ተከናንቦ ጥግ ቆሟል።

እና ማን ነው የተናገረው? ሙዘይን ልቦለድ የጻፈ ሰው ነው፣ ነገር መፈተል ያውቅበታል። የጠሃን መደበቅ የሚያውቁት እናቱ፣ ሂንድ፣ አሚናት፣ የኔታ ሙላት፣ አስረስ። እናት ልጇን አትሸጥም። ሂንድ አትሸጥም፤ አሚናትም። የኔታ ቢሆኑ ደግሞ ራሳቸውን ነው የሚያስገድሉት። ቀረ አንድ። ያ አንዱ የፈራ ነው፣ ምዕራፉን አልመታም ያለ ነው፤ አልመታም ያለውስ ለምን? እጁ እንዳይኖርበት! ደግሞም ጠሃ በተያዘ በአራተኛው ወር አስረስ ርእሰ መምህር ተደርጎ ተሾመ። ይሄ ሁሉ በአጋጣሚ ነው? ሙዘይን ለዑምራ በመጣ ሰው እጅ ለእናቱ ደብዳቤ ላከ፣ «አስረስ ነው፣ በሩን ዝጉበት» ብሎ። እናቱ ማንበብ አትችልም፣ አሚናት አነበበችላት፣ በሩ ተዘጋ። አስረስ በመጣ ቁጥር አጥር ላይ ቆሞ ይመለሳል። አምና የአስረስ እናት የሺሀረግ ስትሞት፣ ሙዘይንን በሕፃንነቱ ከልጇ ጋር በአንድ ቁና ቆሎ ያሳደገችው የሺሀረግ፣ የሙዘይን እናት ለቀብር አልወጣችም። በሐይቅ ታሪክ ጎረቤት ጎረቤቷን ያልቀበረችበት ቀን ያ ነው። አሚናት በስልክ ስትነግረው «ደግ አደረገች» አላት። 

ስልኩም ቢሆን ስልክ አይደለም። ሐይቅ ያለችው ስልከኛ ተሻለች መስመሩን ካገናኘች በኋላ ጆሮዋን እንደማትነቅል ሙዘይን ይምላል፤ ትንፋሿ ይሰማዋላ። ስለዚህ ከአሚናት ጋር በተሸፋፈነ ቃል ነው የሚያወሩት፤ ጠሃ «ሱሪው» ነው፣ ገዳሙ «ማዶ»፣ አስረስ «የመኪናው ሰው»። ተሻለችን ታሪኩ ውስጥ ሊያስገባት አስቧል፣ ወፍራም አድርጎ፣ ጥርሰ ፍንጭት። መልኳን አይቶት አያውቅም፣ እሱ ከሄደ ወዲህ የተቀጠረች ናት። ቢሆንም።

ከአስር ሶላት በኋላ ወጣ። ጀዋዛት፣ የውጭ ዜጋ ወረቀት የሚመረምረው ፖሊስ፣ ትልቁ መንገድ ላይ አይጠፋም፤ ሙዘይን በጀርባ በኩል፣ በጨርቅ ሻጮቹ መሐል ያልፋል፣ የሚከተለው ሰው እንዳለ መስተዋት ባለው ሱቅ ሁሉ ያያል። ሰላሀዲን ከኋላው ነው። ልክ ነው፣ ሰላሀዲን ነው! ቆመ። ሰላሀዲን ደረሰና አንድ ነገር ዘረጋለት፣ «ኮፍያህን ረስተህ፣ ፀሐዩ ይገድልሃል» አለው፣ ተመለሰም። ሙዘይን ኮፍያውን አገላብጦ ውስጡን ዳሰሰ፣ ከዚያ አደረገው።

የስልክ ቤቱ ጎጆ ጠባብ ናት፣ የሌላ ሰው ላብ ትሸታለች። የመናዊው ሠራተኛ መስመሩ ተገኘ ብሎ ጣቱን አነሣለት። ረጅም ጩኸት፣ አዲስ አበባ፣ ሌላ ጩኸት፣ ደሴ፣ ከዚያ «ሐይቅ ነው፣ ይናገሩ» የሚል የተሻለች ድምፅ። ከዚያ ትንፋሽ።

«እትዬ አሚናት?»

«አለሁ። አስረስም አጠገቤ አለ፣ እማም በር ላይ ተቀምጣለች። ሙዘይን፣ ስማኝማ፤ ጠሃ በሕይወት አለ!»

በሽፍን ቃል አይደለም የተናገረችው። ጠሃ አለች፣ በስሙ። ግድግዳውን ተደገፈ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይላል፣ ያለቅሳል፣ የመናዊው ያየዋል፣ ይየው።

«ትናንት የአምባሰል ልጅ ከግንባር መጣ፣ እግሩን ቆርጠውት ነው የላኩት ምስኪን፤ ከጠሃ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። እንዴት እንደተያዘ ሁሉ ነግሮታል። ሙዘይን ስማ፣ ወታደሮቹ ማንንም አልጠየቁም አለ። ስም አልጠሩም። ተማሪዎቹን ደርድረው ደበሏችሁን አውልቁ አሏቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን ገልብጠው ግራ ብብቱን በጣት ይዳስሳሉ፣ ግራውን ብቻ። የጠሃ ላይ ሲደርሱ ኪስ አገኙ፣ የአባባ ሙስባሃ ወጣ። እኛ መች ኪስ እንዳለው አውቀን! ሂንድም አታውቅ፣ የኔታም በዓይኔ አላየሁም ብለው ማሉ። ነገ አበጋሩ የሚጠይቁት ይሄንኑ ብቻ ነው፤ ኪሱን አስረስ በምን አወቀ? አንተ ነግረኸው ነበር?»

ሙዘይን መነጋገሪያውን ወደ ጆሮው አስጠጋ። በስልኩ ሽቦ ውስጥ የሐይቅ ነፋስ ይሰማዋል፣ ወይም ይመስለዋል። አንድ ቃል ናት የምትፈለገው። አዎ፣ ነግሬው ነበር። እንደዚያ ካለ የሚከራከረው የለም፣ እናቱም ታምነዋለች፣ ሁለተኛው ልቦለድም ልክ ይሆናል፣ እሱም ዛሬ ይተኛል። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ያቺን መስመር አነበበ። አሰመረባት። ምናልባት ደስ አለችው። ሙዘይን ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አድርጎ፣ ቃል ሳያልፍ የሚያነብለት አንባቢ ሲመኝ ነበር፣ አገኘው።

«ሙዘይን» አለ የአስረስ ድምፅ። አርጅቷል፣ በሁለት ዓመት። «እኔ ያነበብኩት ላይ ኪስ የሚባል ነገር አልነበረም።» ከዚህ በላይ አልተናገረም። ስልከኛዋ ትሰማለችና አይናገርም፤ ገብቶታል፣ ከትናንት ጀምሮ ገብቶታል፣ ለማንም አላለም፤ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሙዘይን ፈሪ ያለው ሰው ይሄ ነው።

«ሦስት ደቂቃ ሞልቷል» አለች ተሻለች። ልጅ እግር ናት፣ በድምፅዋ። «ይጨመር?»

«ጨምሪልኝ፣ ተሻለች» አለ። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። «እትዬ፣ እማን ስጪኝ።»

እናቱ ለመነሣት ትዘገያለች፣ ወገቧን ያማታል። ጠበቀ። የወንበር መንሸራተት፣ የአሚናት «ቀስ እማ»፣ ከዚያ ጆሮው ላይ ያረጀ ትንፋሽ።

«ሙዘይኔ። ሰማህ አይደል፣ ልጄ አለ።»

«ሰማሁ እማ። እማ፣ አስረስ አይደለም። ነገ አበጋሩ ዘንድ እሱ አይቁም፣ ስሙ አይነሣ። ኪሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ጻፍኩት። መጽሐፍ ላይ ጻፍኩትና ለመንግሥት በገዛ እጄ ላኩላቸው። ጠሃን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

ተሻለች ትንፋሿን ዋጠች። እናቱ ፊደል የማትለይ ሴት ናት፣ ነገሩን ወደ ራሷ ቋንቋ እየመለሰችው ይሆናል።

«ማን ጠየቀህ?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም።»

«ማንም ሳይጠይቅህ?»

 በጆሮው ይጠብቃል፣ እርግማኗን ይጠብቃል፣ ብትረግመው ይሻለው ነበር። እናቱ ግን ስልኩን ሳትዘጋው፣ ለአሚናትም ሳትሰጣት፣ እንዲሁ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ድምፅዋ ከራቀ ቦታ ይሰማው ነበር፣ ከእሱ ጋር አልነበረም የምታወራው።

«አስረስ፣ ልጄ» አለች፣ «በል ክንዴን ያዘኝና ቤትህ ውሰደኝ። የሺሀረግን አልቀበርኳትም፤ ዛሬ ላልቅስላት።»